የጭንቅላት ጉዳተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ማን ይመዘግበዋል?

ዕድሜዬን በአብዛኛው ያሳለፍኩት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቴ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። በሥራ ቦታዬ ካርድ ያወጣሁላቸውን ሰዎች ሰፈሬ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ጭንቅላታቸው ተመትቶ የገቡ፣ የራስ ቅላቸው ተከፍቶ የተጠራቀመ ደም የወጣላቸው፣ ካርዳቸው ላይ «ተሽሎት ወጥቷል» ተብሎ የተጻፈላቸው ናቸው። ከዚያች መስመር በታች ካርዱ ባዶ ነው። ሰውየው ግን ወይ ይኖራል፣ ወይ ይሞታል፣ ወይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሆኖ ከነቤተሰቡ ይንገላታል።

የምለው አንድ ነገር ነው። በአገራችን የጭንቅላት ጉዳት ሕሙማን መዝገብ በቋሚነት ይያዝ፤ መዝገቡም ከሆስፒታል በር ወጥቶ እስከ ጉዳተኛው ቤት ይድረስ። በፕሮጀክት ገንዘብ ተከፍቶ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚዘጋ መዝገብ ይብቃን።

ካርድና መዝገብ አንድ አይደሉም። ካርድ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ተረኛው ሐኪም ጊዜ ባገኘ መጠን ይጽፍበታል። አንዱ የደም ግፊቱን ይጽፋል፣ ሌላው ይተወዋል። የሕሙማን መዝገብ ግን ለገባው ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ ያቀርባል፦ በምን ተጎዳ? ከተጎዳ ስንት ሰዓት ቆይቶ ደረሰ? ሲደርስ ዓይኑን ይከፍት ነበር? ይናገር ነበር? የዓይኑ ብሌን ለብርሃን መልስ ይሰጥ ነበር? ሲቲ ስካን ተነሣ? ምን ተደረገለት? ምን ሆነ? መልሱ የመቶና የሺህ ሰው ሲሆን በአንድ አልጋ አጠገብ ቆሞ ማንም ሊያየው የማይችለው ነገር ይታያል።

ለዚህ የአሜሪካኖቹን አንድ መዝገብ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጭንቅላት ጉዳት ራሳቸውን ስተው የገቡ ሰዎችን መረጃ ከተለያዩ ሆስፒታሎች ሰብስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ራንዳል ቼስነት የተባሉ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከዚያ መዝገብ 717 ከባድ ጉዳተኞችን አውጥተው መረመሩ። ከተጎዳበት ሰዓት ጀምሮ አስፈላጊው የመጀመሪያ እርዳታ እስኪደረግለት ባለው ጊዜ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊቱ አንድ ጊዜ እንኳ ከ90 በታች ወርዶ የተገኘ ሰው፣ የመሞት ዕድሉ በ150 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። የተመታው አንጎል ከምቱ በኋላ በሚደርስበት የደምና የኦክስጅን እጥረት ሁለተኛ ጊዜ እንደሚጎዳ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የድንገተኛ ክፍሎች ያስተምራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የግፊት መለኪያ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ኦክስጅን ነው። ሁሉም በእኛ ጤና ጣቢያ ሊኖሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ይህን ለማወቅ ያስቻለው ከፍተኛ ማሽን አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ግፊቱን በሰዓቱ የጻፉ እጆች ናቸው።

የእኛም ሐኪሞች ይህን ሠርተው አሳይተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ለመላው አገር የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሠልጣኞቹ ወጥተው ሥራ ሲይዙ፣ ከእ.ኤ.አ. 2012 መጨረሻ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ በአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በጭንቅላት ጉዳት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መዘገቡ፤ 1087 ሰዎች ሆኑ። ዋነኞቹ የጉዳት መንስኤዎች ድብደባና የመኪና አደጋ ናቸው። በብዛት የታየው ጉዳት ወደ ውስጥ የገባ የራስ ቅል ስብራት ነው፤ በድንጋይና በዱላ የተመታ ራስ የሚሆነውን የምናውቅ ሰዎች አይገርመንም። ቀጥሎ የሚመጣው በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የሚጠራቀም ደም ነው።

ከዚህ ጥናት ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል ከባድ የአንጎል ጉዳት የነበረባቸው ከስድስቱ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን አንብቦ «የእኛ ሰው ጉዳቱ ቀላል ነው» የሚል ሰው ቁጥሩን ገልብጦ አንብቦታል። ከባዶቹ የት ሄዱ? ብዙዎቹ መንገድ ላይ፣ በሪፈር መካከል፣ በቤታቸው ሳይቀሩ አይቀሩም። መዝገብ በውስጡ ስላሉት ብቻ ሳይሆን ስላልደረሱትም ይናገራል፤ ይህን ለመስማት ግን መዝገቡ መኖር አለበት።

ያልደረሰችውን አንዷን አውቃታለሁ። እንጦጦ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከእነርሱ አንዷ በክረምት፣ ሸክሟን እንደያዘች አዳልጧት ወድቃ ጭንቅላቷ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ተነሣች፣ ተናገረች፣ «ደህና ነኝ» አለች፣ እንጨቷን ሽሮ ሜዳ አውርዳ ሸጠች። ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፤ ጠዋት አልተነሣችም። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን አካሄድ ጠንቅቀው ያውቁታል። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የሚደማ ሰው መጀመሪያ ደህና መስሎ ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ደሙ ሲጠራቀም ይወድቃል። በጊዜ ከደረሰ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ከሚድኑት ዋነኛው ነው። እርሷ ሆስፒታል መዝገብ ላይ የለችም። ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ የለችም፤ መኪና አልገጫትም። ስሟ ያለው በእድሩ መዝገብ ላይና ሥርዓተ ቀብሯ በተፈጸመበት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

የቀብር መዝገብ ለሳይንስ አይሆንም የሚለኝ ካለ፣ አዲስ አበባ ራሷ መልስ አላት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ በከተማዋ የቤተ ክርስቲያን፣ የሙስሊምና የማዘጋጃ ቤት መቃብሮች ቀብር ሲፈጸም የሚያስመዘግብ ሥራ ዘርግቶ ነበር። ከሟች ቤተሰብም የአሟሟቱን ሁኔታ እየጠየቁ መንስኤውን ይለዩ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የጎልማሶች ሞት እንዴት እንዳሽቆለቆለ በዓለም መጽሔቶች ላይ የወጣው ከዚህ መዝገብ ነው። በመቃብር በር ላይ ደብተር ይዘው የቆሙ ሰዎች ለዓለም ሕክምና ማስረጃ ሰጡ። የወደቁና የተመቱ ሰዎችን በዚያው መንገድ መቁጠር አይቻልም የሚል ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ፤ ምክንያቱም የደረሱትንም ቢሆን በትክክል መመዝገብ ቀላል ሥራ አይደለም። ጥናት የሚያጠኑ ወጣት ሐኪሞች ቅጽ አዘጋጅተው ይመጣሉ። ቅጹ ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው። እዚህ ላይ የካርድ ክፍል ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። አስታማሚው «8 ሰዓት ላይ ተመታ» ይላል። ነርሷ እንደሰማችው 8፡00 ብላ ትጽፋለች። ሬዚደንቱ የደረሰበትን ሰዓት ከኮምፒውተሩ አይቶ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተመትቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የደረሰ ሰው በኮምፒውተሩ ሰዓት 4፡00 ላይ ገብቷል። ሁለቱን ቁጥሮች የሚቀናንስ ማሽን ሰውየውን ከመመታቱ በፊት ሆስፒታል ያስገባዋል፤ ወይም በሁለት ሰዓት የደረሰውን ሃያ ሰዓት ያዘገየዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚጠራቀምበትን ሰው ለማጥናት ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈለገው ይህች የሰዓት ልዩነት ናት። ቀኑም እንዲሁ ነው። 05/02/09 ተብሎ የተጻፈ ካርድ የእኛ ጥቅምት ነው ወይስ የፈረንጅ? ቅጹ ላይ «ቀን»፣ «ሌሊት» እና «ዓ.ም.» የሚሉ ሣጥኖች ካልታተሙ መረጃው ገና ከመጀመሪያው ተበላሽቷል።

ከዚያ ስሙ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ኃይሌ በሦስት ዓይነት «ሀ» ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደጸሐፊው ነው። ከዚህ የሚከፋው ራሱን ስቶ የመጣው ነው። ፖሊስ ወይም የታክሲ ረዳት ያመጣዋል፤ ካርዱ ላይ «ያልታወቀ ወንድ» ተብሎ ይከፈታል። በማግስቱ ቤተሰብ ፈልጎ ሲያገኘው በስሙ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። በመዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው፤ አንደኛው ገብቶ የት እንደደረሰ አይታወቅም፣ ሁለተኛው ያለ መነሻ አልጋ ላይ ተገኘ። ሁለቱን ካርዶች ማያያዝ የኔ ሥራ ነበር፤ ለሌሊት ተረኛ ነርስም ለሬዚደንትም የሚተው አይደለም። የፋይዳ ቁጥር ይህን ወደፊት ያቀልለዋል የሚል ተስፋ አለኝ፣ ራሱን የሳተ ሰው ግን ቁጥሩን ሊነግረን አይችልም።

የመንስኤው ሣጥንም አለ። ባሏ አጠገቧ ቆሞ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» የምትል ሴት መዝገቡ ውስጥ የምትገባው «መውደቅ» በሚለው ስር ነው። መዝጋቢዋ አስታማሚውን መድኃኒት እንዲገዛ ልካ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ዝቅ ብላ ብትጠይቃት ሌላ ነገር ትሰማ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በቤት ውስጥ ድብደባ የተጎዱ ሴቶች ቁጥር በየትኛውም ጥናት ላይ ትንሽ ሆኖ ሲታየኝ የማስበው ያንን መጋረጃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሐኪሞቹም በበቂ አያዩትም ብዬ የማስበው አለ። የጭንቅላት ጉዳት የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1974 ግሬሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት በግላስጎው ባወጡት መለኪያ ነው፤ ከ3 እስከ 15 ነጥብ አለው። ዓይን መክፈት እስከ 4፣ መናገር እስከ 5፣ መንቀሳቀስ እስከ 6 ይሰጠዋል። ለመናገር ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ሰው የት እንዳለ፣ ማን እንደሆነ በትክክል ሲመልስ ነው። ሽሮ ሜዳ የሸማ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ የሚመጣው ገበሬ የሚመልሰው በኦሮምኛ ነው። ተረኛዋ ነርስ ቋንቋውን ካላወቀች «ንግግሩ የተምታታ» ወይም «ትርጉም የሌለው ቃል» ብላ ነጥቡን ልትቀንስበት ትችላለች። ሰውየው በሚገባ እየመለሰ፣ በመዝገባችን ላይ ግን ከሆነው በላይ የተጎዳ ሆኖ ይገባል። መፍትሔው ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን መጨመር ነው፦ የተጠየቀው በየትኛው ቋንቋ ነው? ሰውየው ያውቀዋል ወይ? ከውጭ በመጣ ቅጽ ላይ ይህ ሣጥን አይገኝም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። የበለጠው ከበሩ ውጭ ነው።

ከጎረቤቶቼ አንዱ ሸማ ሠሪ ነው። ሚኒባስ ገጭቶት የራስ ቅሉ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በእግሩ ወጣ፤ ካርዱ ላይ ውጤቱ «ጥሩ» ነው። ከወራት በኋላ ሚስቱ እኔ ዘንድ መጥታ፣ «እትዬ፣ ድሩን ይቆጥራል፣ መሀል ላይ ይረሳዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ጥለቱን ማውጣት አልቻለም። ስናገረው ይቆጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከጭንቅላቱ ጉዳት ጋር የሚገናኝ መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። ወደ ጠበል ወሰዱት፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትም እንጦጦ ማርያምም ቅርብ ናቸው። እኔም ጠበል የምጠመቅ ሰው ነኝ፤ መውሰዳቸውን አልነቅፍም። ግን ማንም ያላወቀው ነገር ነበር፦ የራስ ቅሉ ወደ ውስጥ የተሰበረ ሰው ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ሊይዘው የሚችልበት ዕድል ከሌላው ጉዳተኛ ከፍ ያለ ነው። ይህን ያሳዩት ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ብራያን ጄኔት ናቸው፤ መለኪያውን ከማውጣታቸው በፊት፣ ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትለው።

እንግዲህ ሁለቱን አገጣጥሟቸው። በአዲስ አበባ ጥናት በብዛት የታየው ጉዳት ወደ ውስጥ የገባ ስብራት ነው። ዘግይቶ የሚጥል በሽታን ከሚያመጡት ዋና ዋና ጉዳቶች አንዱ ደግሞ እርሱ ነው። ከእነዚያ 1087 ሰዎች መካከል፣ ከዚያም ወዲህ ከተሠሩት ብዙ ሰዎች መካከል፣ በየሰፈሩ የሚንቀጠቀጡ ስንት ናቸው? ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ርካሽ ነው፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ነው። ሰውየውን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያገናኘው ግን በስድስተኛው ወር በሩን የሚያንኳኳ ሰው ብቻ ነው። ስለ ጠበሉ የሚያሳስበው ካለም፣ በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ለሕዝብ ተናግረዋል። ያኔ እንጦጦ ማርያም ላይ መድኃኒታቸውን ጥለው የነበሩ ብዙ ሕሙማን መመለሳቸውን እኛ የሰፈሩ ሰዎች አይተናል። ለሚጥል በሽታም የማይሆንበት ምክንያት የለም። የጠበል ቦታ አስተናጋጆች ለመዝገብ ሥራ ጠላት አይደሉም፤ እንዲያውም ሆስፒታሉ ያጣውን ሰው የሚያገኙት እነርሱ ናቸው።

በዓለም ደረጃ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶችም በዚህ በኩል ሁሉንም አልመለሱልንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ኒውሮሎጂ በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣውና በ57 አገሮች ያሉ 159 ሆስፒታሎች የተካፈሉበት የቀዶ ሕክምና ጥናት 1635 ሰዎችን ይዟል፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ውጤቱን የለካው ግን በዋነኛነት እስከ 14ኛው ቀን ነው። የሸማ ሠሪው መንቀጥቀጥ በ14 ቀን አይታይም። የአውሮፓዎቹ ሴንተር ቲቢአይ የሚባለው ጥናት 4509 ሰዎችን በዝርዝር ተከታትሏል፤ የእነርሱ ጉዳተኛ ግን በአብዛኛው የወደቀ ሰው፣ ብዙ ጊዜም አረጋዊ ነው። የእኛው ወጣት ነው፣ ተመትቶ ወይ ተገጭቶ ነው። የእነርሱን መልስ ተውሰን የእኛን ጥያቄ ልንመልስበት አንችልም።

ከአውሮፓዎቹ ልንወስደው የሚገባ አሠራር ግን አለ፣ እኔም በጣም የምወደው ነው። ዝርዝር ከተጠየቁት 4509 ሰዎች ጎን ለጎን፣ 22782 ሰዎችን በአጭር ቅጽ ብቻ መዝግበዋል። ረጅሙ ቅጽ ለጥቂቱ፣ አጭሩ ለብዙው። በዚህም ረጅሙ ጥናት ማንን እንደተወ ለማወቅ ይችላሉ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ስምንት ገጽ ቅጽ ታትሞ ይመጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ በትጋት ይሞላል፣ ቆይቶ ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ በመጨረሻ ለመሙላት ቀላል የሆኑት ሕሙማን ብቻ ይመዘገባሉ። የሌሊቱ፣ የቅዳሜና እሑዱ፣ የሞተው፣ አስታማሚ የሌለው ይቀራል። አንድ ገጽ ይሁን፣ ግን ለሁሉም ይሁን።

የምናገረው ከሩቅ አይቼ አይደለም። በአንድ ሆስፒታል፣ ስሙን አልጠራም፣ እንዲህ ባለ የፕሮጀክት መዝገብ ላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬ በስድስተኛው ወር ስልክ መደወል ነበር። ስልኩን ስደውል የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ያን ቀን ያመጣው የታክሲ ሹፌር ነው፤ «የትኛው? ያ ልጅ? ዳነ እንዴ?» ይለኛል። ወይም ቁጥሩ የለም። አድራሻው «ጉለሌ፣ ወረዳ ይህን ያህል» ይላል፤ የቤት ቁጥሩ ተከራይ ስለሆነ የለም፣ ወይም ቤቱ ፈርሶ ሰዎቹ ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ስለዚህ መጠየቅ የጀመርኩት ሌላ ነገር ነው፦ እድራችሁ የማን እድር ነው? ዳኛው ማን ነው? የምትስሙት ቤተ ክርስቲያን፣ የምትሰግዱበት መስጊድ የትኛው ነው? ልጅ የሚማረው የት ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች ከጠፉት ብዙዎቹን አገኘኋቸው። ሰው ስልኩን ይቀይራል፣ ቤቱን ይቀይራል፣ እድሩን ግን ቶሎ አይተውም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ የሚደውልላቸውም ሰው አልተተካም። ይህ ያናድደኛል። ደውዬላቸው ከነበሩት አንዳንዶቹ፣ ተስፋ አድርገው፣ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «መቼ ነው የምትደውይልን?» ይሉኛል።

ስድስተኛው ወር ላይ የሚጠየቀው ነገር ረጅም አይደለም። የተለመደው ስምንት ደረጃ ያለው የውጤት መለኪያ፣ ከሞተ እስከ ሙሉ በሙሉ እስከዳነ፣ የሚጠይቀው ብቻውን ቤት መዋል ይችላል ወይ፣ ገበያ ሄዶ ይመለሳል ወይ፣ ሥራውን ይሠራል ወይ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተስማምቶ ይኖራል ወይ የሚሉትን ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ አድርጎ መጠየቅ ነው፤ ድሩን ቆጥሮ ይጨርሳል ወይ፣ ሸክም ይሸከማል ወይ፣ እንግዳ ቤት ሲበዛ ይረበሻል ወይ። አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፦ ተንቀጥቅጦ ያውቃል ወይ?

ማን ይጠይቅ ለሚለው፣ አገሪቱ ሰዎቹ አሏት። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ስለ እርጉዝ እናት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቲቢ ይጠይቃሉ። በእያንዳንዷ ወረዳ ከሆስፒታል የወጡ የጭንቅላት ጉዳተኞች ስም ቢሰጣቸው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር አንድ ገጽ ሞልተው መመለስ ከሥራቸው ውጭ አይደለም። ጉለሌ ክፍለ ከተማ ለመጀመሪያ ቦታ ይመቻል ብዬ አምናለሁ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው፤ በኮሌጁ ስር ያለው አቤት ሆስፒታል ዋና ሥራው ድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ነው፤ ከሱሉልታ በኩል በእንጦጦ የሚወርደውም ሰው አልፎ የሚደርሰው ወደዚሁ አካባቢ ነው።

ገንዘብ ይበላል የሚሉ አሉ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ተይዟል፤ በከተማዋ ያሉ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎችን እየዞሩ የሚመዘግቡ ሰዎች አሉት። ስለ ኢትዮጵያ ካንሰር ዛሬ የሚነገረው ቁጥር በአብዛኛው የሚመነጨው ከእርሱ ነው። ለካንሰር የተቻለው ለጭንቅላት ጉዳት ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው፣ ሲቲ ስካኑ፣ የፅኑ ሕሙማን ክፍሉ ወጪ ከተደረገ በኋላ፣ ያ ሁሉ ወጪ ሰውን ለሥራ አበቃ አላበቃ የሚለውን ለማወቅ የአንድ መዝጋቢ ደሞዝ መንፈግ ገንዘብ መቆጠብ አይመስለኝም።

የበለጠ የምሰጋው ለምሥጢሩ ነው። ከተጎዱት ብዙዎቹ የተደበደቡ ናቸው፤ መዝገቡ ውስጥ ያለው ነገር ለፖሊስ፣ ለመድን ድርጅት፣ ለበዳይ ቤተሰብ ቢደርስ ሰው ይጎዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ጋር አስቀምጦታል። ስለዚህ ስሙና መለያው በአንድ ቦታ፣ የሕክምናው መረጃ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁልፍ በሆስፒታሉ ውስጥ በኃላፊነት በተሾመ አንድ ሰው እጅ ይሁን። ሰውየው ሲነቃ ይነገረው፣ አልፈልግም ካለ ይውጣ። ራሱን እስኪያውቅ ድረስ ቤተሰቡ ይጠየቅ። በፍርድ ቤት ለሚፈለገው ማስረጃ ካርዱ አለ፤ መዝገቡ ለዚያ አይዋል።

መዝገብ ሁሉን ይመልሳል እንዳልል ሐኪሞቹ አስተምረውኛል። አንድ መድኃኒት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን በእርግጠኝነት ለማወቅ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ክራሽ የተባለው ከ10000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ፣ ለዓመታት ለጭንቅላት ጉዳተኞች በቅን ልቦና ሲሰጥ የነበረው ስቴሮይድ ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ግን እንዲህ ያለ ሙከራ እዚህ ለማድረግ ስንት ጉዳተኛ በወር እንደሚገባ፣ ስንቱ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ስንቱን በስድስተኛው ወር እንደምናገኝ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ያንን የሚነግረን መዝገቡ ነው።

ለጤና ሚኒስቴርና ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ የማቀርበው ጥያቄ ስለዚህ አጭር ነው። የነርቭ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥ በእያንዳንዱ የመንግሥት ሆስፒታል አንድ ቋሚ የመዝጋቢ የሥራ መደብ ይከፈት፤ በመንግሥት በጀት፣ በቋሚ ደሞዝ፣ የሌሊት ተረኛ የሚተካው ሰው ያለው ይሁን። አንድ ገጽ ቅጽ፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፣ የቋንቋና የእድር ሣጥን ያለው። በጉለሌ አንድ ዓመት ይሞከር፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይሂድ። አዲስ ለሚቀጠሩት መዝጋቢዎች «ያልታወቀ ወንድ» የሚለውን ካርድ ከስሙ ጋር እንዴት እንደሚያያይዙ፣ አስታማሚን ምን ብለው እንደሚጠይቁ የሚያሳይ ሰው ከተፈለገ፣ እኔም ከእኔ ጋር በካርድ ክፍል የሠሩ ጡረተኞችም አለን፤ ጠርተውን ብንመጣ ያለ ክፍያ እናሠለጥናለን።